በጾም ቅቤ የተቀባ እጅ

እናቴ ማንኛውንም የሚቀባ ነገር እጇ ላይ ከማድረጓ በፊት ከምን እንደተሠራ ትጠይቃለች። ሰሞኑን እዚህ ፍኖተ ሰላም ካለ መድኃኒት ቤት የእጅ ክሬም ገዝቼላት ነበር። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው፤ መልሳ ዘጋችውና «ከምንድን ነው የተሠራው?» አለችኝ። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው። የክሬሙ ጽሑፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ከጤፍ ያንሳል። ልጄን ሕይወትን ጠርቼ አንብቢልን አልኳት። ሕይወት አሥረኛ ክፍል ናት። አነበበች፤ ያልገባትን ቃል ስልኳ ላይ ፈለገች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ከበግ ፀጉር የሚወጣ ቅባት አለበት አለችን።

«የበግ ነዋ» አለች እናቴ፤ ክሬሙንም መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። የገና ጾም ገብቷል።

እኔ የሚያውቀኝ ሁሉ እንደሚለው ፈሪ እናት ነኝ። ልጅ ባስነጠሰ ቁጥር ግንባሩን እዳብሳለሁ፤ ውኃ ሳላፈላ አላጠጣም። የእናቴ እጅ ደግሞ የሚያስፈራ ነው። ስኳር አለባት። ሐኪሙ በመጨረሻው ቀጠሮዋ እጇን ገልብጦ አይቶ፣ የስኳር ሰው ቆዳ ተሰንጥቆ መቆየት የለበትም፣ ቁስል ከሆነ ቶሎ አይድንም ብሎኛል። በለብታ ውኃ እጠቢያት፣ ፎጣውን ጫን አድርጊበት እንጂ አትፈትጊው፣ ቆዳዋ ገና እርጥብ እያለ ቅቢያት አለኝ። ስለዚህ ክሬሙን ከመስኮቱ መልሼ ያዝኩት። ሄጄ በሌላ ልለውጠው ነጠላዬን አነሣሁ። ከበሩ ሳልደርስ እናቴ ጠራችኝና አንድ ነገር ተናገረች። የተናገረችው እንዲገባችሁ ግን የዛሬ ሰላሳ ዓመት ግድም፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ የሆነውን ልንገራችሁ።

ያደግኩት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመጡ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ባለች መንደር ነው። አገሩ የበርበሬ አገር ነው። ኅዳር ላይ ማሳው ይቀላል፤ ልጅ አዋቂ ሳይል ለቀማ ይወርዳል። የተለቀመው ግቢ ውስጥ ይሰጣል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ሽታው ጓዳ ድረስ ይገባል። ዶሮዎቻችን ሳይቀሩ ያስነጥሱ ነበር ብል የዚያ አገር ልጆች አትስቁብኝም። ጠዋት ውርጭ ነው፤ ረፋዱ ላይ ደረቅ ነፋስ ይነሣል። ከንፈራችን ይነጣል፤ ቅልጥማችን በጥፍር ሲጭሩት ፊደል ያጽፋል። ትምህርት ቤት «አመዳም» እየተባባልን እንሰዳደብ ነበር፤ ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም እኩል አመዳም ነው።

የእኔ እጅ ግን ከሌሎቹ ይብስ ነበር። ዕቃ የምናጥበው በአመድ፣ ልብስ የምናጥበው ወንዝ ወርደን በእንዶድ ነው። አውድማው በእበት የሚለቀለቀው በእጅ ነው። ይህ ሁሉ ያደረቀውን ቆዳ የጠዋቱ ብርድ ይሰነጥቀዋል። ስጨብጥ መገጣጠሚያዬ ላይ ይከፈታል፤ ስዘረጋ ይደማል። ቅልብልቦሽ ስንጫወት ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውሬ በእጄ ጀርባ መቀበል ተሳነኝ። በዚያ ንቃቃት ውስጥ ነው እንግዲህ በርበሬው የሚገባው። ያን ማቃጠል የማያውቅ ሰው በቃል አይገባውም። ከለቀማ ስመለስ ቀጥ ብዬ ወደ ውኃው እንስራ እሄድና ሁለት መዳፌን ቀዝቃዛው ሸክላ ላይ እለጥፋለሁ። እንስራው የእኔን እጅ ሙቀት እስኪወስድ ድረስ እንደዚያ ታቅፌው እቆም ነበር።

በሌላ ጊዜ ቢሆን መድኃኒቱ ቀላል ነው። እናቴ ለጋ ቅቤ በጣቷ ቆንጥራ ታወጣለች፣ እሳት ዳር ታሟሟዋለች፣ እጄን ታሸዋለች፣ አለቀ። ግን የገና ጾም ነው። ይህን ጾም በመንደራችን ሁሉም ሰው አጥብቆ አይጾመውም ነበር፤ እናቴ ግን ከቄስ ቤት ተወልዳ ያደገች ናት። ጾም ሲገባ የቅቤውን ቅል ከጣራው ማገር ላይ ታንጠለጥለዋለች። የፍስክ ማማሰያና የጾም ማማሰያ ለየብቻ ነው። ቅቤ የነካው ጣሳ ከጾሙ ጣሳ አጠገብ ከተቀመጠ ሁለቱንም መልሳ ታጥባለች። ፈሪነቴን ከማን እንደወረስኩ ይኸው ነገርኳችሁ።

እጄን ሳታየው ቀርታ አይደለም። የኑግ ዘይት ቀባችኝ። ኑግ ለወጥ እንጂ ለእጅ አይሆንም፤ ሲደርቅ እንደ ሙጫ እየጎተተ ቆዳውን ይብስ ያፈርጠዋል፤ አቧራም ይሰበስባል። እሬት ቆርጣ ፈሳሹን አደረገችልኝ፤ እስኪደርቅ ያበርዳል፣ ከዚያ ያው ነው። አባቴ ከቡሬ ገበያ በትንሽ ቆርቆሮ ቫዝሊን ገዝቶ መጣ። እናቴ ከምን እንደተሠራ ጠየቀችው። አላወቀም። የማን ጮማ እንደሆነ ሳላውቅ በጾም ልጄን አልቀባም ብላ ኮርቻ ለመታት አህያችን ሰጠችው። የአህያዋ ጀርባ ጥሩ አድርጎ ዳነ።

እንዲህ ሆነን የበርበሬው መቀንጠሻ ቀን ደረሰ። የደረቀው ዛላ ለገበያ ከመጫኑ በፊት ጭራው ይቀነጠሳል፤ ለብቻ የሚገፋ ሥራ ስላልሆነ የመንደሩ ሴቶች በወንፈል እየተዞሩ ይሠሩታል። ዛሬ እኛ ቤት፣ ነገ እነሱ ቤት። ለእርዳታ የአባቴ እኅት ይታይሽ ከቡሬ ከተማ መጥታ እኛ ዘንድ አደረች። አክስቴ ተናጋሪ ናት፤ የምትጾመው የሁዳዴን ብቻ ነው፤ እሱንም እየተነጫነጨች። ጠዋት ፊቴን ልታጥበኝ እጄን ስትይዝ ጮህኩ። ገልብጣ አየችው። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። አክስቴ በርጩማ ላይ ወጥታ ቅሉን ከማገሩ አወረደች፤ ቅቤውን በሁለቱም እጄ ላይ አሽታ አሰረገችው፤ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅም ጠቀለለችልኝ። ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቼ ሳያሙኝ ታጠፉ። አክስቴም እጇን ጠራርጋ ወደ በርበሬው ሄደች፤ ለእናቴ መንገር እንዳለባት ትዝ ያላት አልመሰለኝም። እናቴም ጨርቁን ስታይ ለብርድ የታሰረ መስሏት አለፈች።

ሴቶቹ መጡ። ነጠላቸውን በአፍንጫቸው አዙረው አሥረው ክምሩን ከበቡት። ያስነጥሳሉ፣ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። የመብያው ሰዓት ሲደርስ እናቴ የገብስና የሽምብራ ቆሎ በሰፌድ አቅርባ፣ ለየሰዉ እየዘገንሽ ስጪ አለችኝ። በጨርቅ በተጠቀለለ እጅ ለታላላቅ ሰው አይሰጥም። ፈትቼ ከትልልቆቹ ጀምሬ እየዘገንኩ አደልኩ።

ከሴቶቹ ሁሉ የሚፈሩት እትዬ ብርቄ ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፤ ምላሳቸው ከሚቀነጥሱት በርበሬ አይተናነስም። ቆሎውን አላመጡና ቆም አሉ።

«ጥሩወርቅ፣ የዘንድሮ ሽምብራሽ ቅቤ ያወጣል እንዴ?» አሉ እናቴን።

ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ አንዷ መዳፏን አሸተተች። ሌላዋም አሸተተች። ሳቁ ቀረ። አንዷ ያላመጠችውን በነጠላዋ ጫፍ ተፋችው። አንዲት አሮጊት ግን እኔስ ውጬዋለሁ፣ ከእንግዲህ ከእግዜር ጋር ነው የምንነጋገረው አሉና መቀንጠሳቸውን ቀጠሉ። እትዬ ብርቄ አንዴ ከጀመሩ አይተዉም፤ ሰው ፊት ጾመኛ፣ ጓዳ ውስጥ ቅቤ የሚያወርድ ቤት ስንት አለ አሉ፤ ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ። እናቴ እጄን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ማገሩን አየች።

«የቀባኋት እኔ ነኝ» አለች አክስቴ ይታይሽ። «ጥሩወርቅ ምንም አታውቅም። አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት የልጅቱን እጅ ያየ አለ?»

እናቴ ሰፌዱን ተቀብላኝ ቆሎውን ለዶሮ በተነችው፤ ሌላ ቆላች። ሴቶቹ በሉ። ሰበብ እየፈለጉ፣ ላም ያላት ላሜ፣ ሕፃን ያላት ሕፃኔ እያለች ቀደም ብለው ተነሡ። ከክምሩ እኩሌታው ሳይቀነጠስ ቀረ። የወንፈል ሥራ እንዲህ በቅሬታ ከተበተነ ሁለተኛ መሰብሰቡን እንጃ።

እናቴ እጄን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጠበችው። ቅቤው እስኪለቅ ድረስ አጠበችው። የተገጣጠመው ቆዳ መልሶ ተከፈተ፤ ውኃው ቀላ። እኔ አለቀስኩ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ጾምሽ በልጅሽ ደም ነው እንዴ አለቻት። እናቴ ውኃውን ደፋችው። ዛሬ እኔም እናት ሆኜ ሳስበው የገባችበት ይገባኛል። እጄን ብታክም ጾሟን ማፍረስ መሰላት፤ ጾሟን ብትጠብቅ እጄ ይደማል። ልደት ደግሞ ገና ሩቅ ነው። በመጨረሻ ነጠላዋን ለበሰች፣ እኔንም በክንዴ ያዘችኝና ወደ ንስሐ አባቷ ሄድን።

ቄስ አለኸኝን ያገኘናቸው አውድማ ላይ ነው። በሬዎቹን እየነዱ ጤፍ ያበራያሉ። እናቴ ጎንበስ ብላ ተሳለመች፤ እሳቸውም ከኩታቸው እጥፋት የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙን። በጾም ቤቴ ቅቤ ተነካ፣ የሰው ጾምም አስፈታሁ አለቻቸው፤ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻቸው። ሰዎቹ ሳያውቁ በሉ፣ ሲያውቁ ተፉ፣ ሌላ ምን በደል አለ አሏት፤ ብርቄንም ለእኔ ተዪልኝ አሉ። ከዚያ ልጅቱን አምጫት አሉ። እጄን ገልብጠው ለረጅም ጊዜ አዩት። የእሳቸውም እጅ የዋንዛ ቅርፊት ይመስል ነበር።

«ይኼ ቁስል ነው» አሉ። «ለቁስል የተቀባ መድኃኒት ነው እንጂ መብል አይደለም። ቅቢያት።»

እናቴ እፎይ የምትል መስሎኝ ነበር። አላለችም። «አባቴ፣ እንጀራ የምትቆርሰው በዚሁ እጇ ነው። ወደ አፏ መግባቱ ይቀራል?»

ቄስ አለኸኝ መንዳቱን ተዉ። በሬዎቹም ቆሙ። ጅራፋቸውን በትከሻቸው አድርገው አሰቡ።

«እንግዲያ በእጇ አትብላ።»

«በምኗ ትብላ ታዲያ?»

«አንቺ እጅ የለሽም?» አሏት።

እናቴ የራሷን እጅ አየች፤ ያለ መሆኑን የምታረጋግጥ ይመስል። «አለኝ አባቴ» አለች። ግን አሁንም አልሄደችም። አንድ ነገር ካልታዘዝኩ ልቤ አያርፍም፣ ስግደት ይዘዙልኝ አለች። ቄሱ ሳቅ ብለው ወደ በሬዎቻቸው ዞሩ። ቀኖናሽ ልጅሽን እስከ ልደት ድረስ ማጉረስ ነው፣ ሌላ የለም አሏት።

ይህ ለሌላ እናት ቀላል ይሆናል። እኛ ቤት ግን ልጆች ከአንድ ገበታ ተሻምተን ነው የምንበላው። ጉርሻ ለእንግዳ፣ ለሙሽራና ለታመመ ነው። እናቴን ተቀምጣ አይቻት አላውቅም ብል ማጋነን አይደለም፤ የምትበላውም ቆማ፣ ከማድቤት ወደ ጓዳ እየተመላለሰች ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ እጇን ታጥባ፣ በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። የእኔ እጆች ቅቤ ጠጥተው፣ በጨርቅ ተጠቅልለው ጭኔ ላይ ናቸው። ወንድሜ አንለይ በሳቅ ሊሞት ነው፤ «ሙሽሪት፣ ሚዜ አያስፈልግሽም?» እያለ ከበሩ ላይ ይስቅብኛል። እናቴ ከእንጀራው መሐል ለስላሳውን ትቆርሳለች፣ ሽሮውን ታጠቅስና በልኬ ጠቅልላ ታጎርሰኛለች። ቀኖና ስለሆነ አትቸኩልም ነበር። አላምጬ እስክውጥ ትጠብቃለች።

የእናቴን እጅ በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። ወደ አፌ ሲመጣ አየዋለሁ። የእሷ ንቃቃት ከእኔ ይልቅ የቆየና የጠለቀ ነው፤ ጥቁር መስመር ሆኖ የቀረ፤ በአውራ ጣቷ ጥግ ላይ ደግሞ ትኩስ ደም ያለው። በርበሬውን እሷም ትቀነጥሳለች፤ አመዱም፣ እንዶዱም የእሷ ነው። አንድ ቀን ያንቺንስ አትቀቢውም ወይ አልኳት። የእኔ ለምዷል አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ ጉርሻውን በእጇ እንደያዘች፣ «እኔም ባንቺ ዕድሜ እንዲህ ነበርኩ። ሰው እጅሽን የሚያየው ስትሰጪው ነው፤ በሌላ ጊዜ ማን ያየዋል» አለችኝ። ለጉርሻ ተቀምጣ ብዙ ነገር ነገረችኝ። አባቷ የቄስ ልጅ ፊደል ሳታውቅ አትቀርም ብለው እስከ መልእክተ ዮሐንስ እንዳስተማሯት፣ ከዚያ ማጀት እንደጠራት፤ ስታገባ የአባቴን አገር ውርጭ እንዳልቻለችው። እነዚህን ታሪኮች ቆማ አትነግረኝም ነበር።

የቀረው በርበሬ ግን እዚያው ተከምሯል። እናቴ ለሴቶቹ መልእክት ልካ ቀን ቀጠረች። በቀኑ ቆሎውን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ ሰፌዱን ይዛ አጥር ላይ ቆመች። ይመጣሉ አይመጡም ብላ ስንት ጊዜ ወጣች ገባች። አንድ በአንድ መጡ። እትዬ ብርቄ በመጨረሻ መጡ፤ ቄሱ አናግረዋቸው ይሁን ራሳቸው አስበውበት አላውቅም፤ ቆሎውን አንቺው ስጪን ብቻ ብለው ተቀመጡ። የመብያው ሰዓት ሲሆን እናቴ ለሁሉም አቅርባ ስታበቃ በርጩማዋን ሳበች። ሰው ፊት የምታጎርሰኝ አልመሰለኝም ነበር። አጎረሰችኝ።

ልጅቱ እጇ ተቆረጠ ወይ አሉ እትዬ ብርቄ። እናቴ የንስሐ አባቷ ያዘዟትን እንዳለ ነገረቻቸው፤ እጄንም ፈትታ አሳየቻቸው። ሁሉም አንገታቸውን እያሰገጉ አዩ። እትዬ ብርቄም አዩ። ከዚያ የራሳቸውን እጅ ዘረጉት። በርበሬው አቅልቶታል፤ በየመገጣጠሚያው ተሰነጣጥቋል።

«እኔንስ ማን ያጎርሰኛል?» አሉ፤ እየሳቁ።

ሴቶቹ አብረዋቸው ሊስቁ ጀመሩና ተዉት። የእትዬ ብርቄ ልጆች ለሥራ ቆላ ወርደው እዚያው ቀርተዋል፤ ቤታቸው ውስጥ ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረም። ማንም ቀና አላለም። እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ እንጀራ ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ እጇን በእኔ ራስ ላይ አሳልፋ ዘረጋች። «ይጉረሱ እትዬ ብርቄ፣ በሞቴ» አለች። እሳቸውም ትንሽ ቆይተው ጎረሱ። ሁሉም አላምጠው እስኪውጡ ጠበቀ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ሳቁ ያኔ መጣ። እናቴም ሳቀች። የበርበሬው ክምር ሳይመሽ አለቀ፤ ማምሻውን እትዬ ብርቄ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እናቴ ቅሉን ከማገሩ አውርዳ በቅጠል ቅቤ ቋጥራ ሰጠቻቸው። ከዚያ እስከ ልደት ድረስ፣ የጉርሻዬ ሰዓት ሲደርስ እትዬ ብርቄ እኛ ቤት ብቅ ይሉ ነበር። እሳቸው እንደሚሉት የመጡት እሳት ለመጫር፣ ወይ ወንፊት ለመዋስ ነው።

የእኔ እጅ ከልደት በፊት ዳነ። ቅርፊቱ ተላጠ፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ የሕፃን ይመስል ነበር። ቅልብልቦሽም መጫወት ቻልኩ። ለእናቴ ዘርግቼ አሳየኋት፤ ከእንግዲህ በእጄ ልብላ ወይ ብዬ። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ አየችው፤ ገልብጣም አየችው። መዳኑን እኔ ብቻ ሳልሆን አንለይም ያየው ነበር።

«ትንሽ ይቆይ» አለችኝና በርጩማዋን ሳበች። እኔም ሳልከራከር አፌን ከፈትኩ።

የልደት ዕለት ጾሙ ተፈታ፤ ቅቤ ከሽሮው አልፎ ዶሮው ላይ ወጣ። በእጄ በላሁ። እናቴ ቆማ ከማድቤት ወደ ጓዳ ትመላለስ ነበር።

አሁን ወደ ክሬሙ ልመለስ። ዛሬ እኔ ያለሁት ከተማ ነው። የእኔ እጅ የሚደርቀው በእንዶድና በአመድ አይደለም፤ በዱቄት ሳሙናና በበረኪና ነው። ለጋ ቅቤ ደግሞ ለወጥም እንኳ የሚሳሱለት ሆኗል፤ እጅ ላይ የሚያፈሰው የለም። ልጄ ሕይወት ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሚቀባ ነገር አላት፤ አመዳም የሚለው ስድብ ለእሷ ተረት ነው። አባቴ አርፏል፤ እትዬ ብርቄም፣ ቄስ አለኸኝም አርፈዋል። እናቴ መንገዱ ክፍት የሆነ ሰሞን ካገሯ አምጥቻት ከእኔ ጋር ናት። ሐኪሙ ረሃቡን ስለከለከላት በሰዓቷ ትበላለች፤ ከፍስክ መራቁን ግን ማንም አላስተዋትም።

ያን ዕለት ክሬሙን በሌላ ልለውጥ ነጠላዬን አንሥቼ ስወጣ የጠራችኝ እንዲህ ብላ ነው፤

«የት ትሄጃለሽ? አንቺ እጅ የለሽም?»

ሕይወት ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባትም። እኔ ነጠላዬን መልሼ ሰቀልኩ። ውኃ ለብ አደረግኩ፤ እጇን አጠብኩ፤ ሐኪሙ እንዳለው ሳልፈትግ አደረቅኩና ከበጉ ክሬም ቀባኋት። ያ ለምዷል ያለችው ንቃቃት ሁሉ እዚያው ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚያየው አጥቶ። የሕይወትን ንጹሕ የጥጥ ካልሲ እጆቿ ላይ አጠለቅኩላትና እንጀራ ቆረስኩ። አሁን በየቀኑ እንዲህ ነን። እኔ ገበያ ከሄድኩ ሕይወት ታጎርሳታለች፤ ያኔ ታዲያ የሚወራው ብዙ ነው። ሕይወት ለእኔ ያልተነገሩኝን ነገሮች ትነግረኛለች።

ትናንት ካልሲውን አውልቄ እጇን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ገልብጬም አየሁት። በአውራ ጣቷ ጥግ ያለው ተገጣጥሟል፤ ጥቁሮቹ መስመሮች ደብዝዘዋል፤ መዳፏ ለስልሷል። እናቴ ፊቴን እያየች ድኗል ወይ አለችኝ።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳት።

እናቴ አፏን ከፈተች።